ጾም የዋጠው አልበም

የልጅ ልጄ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ጎን፣ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ዘንድሮ የምጠብቃቸው አልበሞች» ይላል። ከሥሩ የአምስት ዘፋኞች አልበም ተራ በተራ ተጽፏል። የጻፈችው መስከረም ሲጠባ ነው፤ አንዱም ሳይወጣ፣ ይወጣል የሚል ወሬ ብቻ ሰምታ። ፀጉሯን ልትሠራ የገባች ሁሉ ታነበዋለች፤ ማንበብ የማትችል ደግሞ እኔን ትጠይቀኛለች። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን የተጻፈውን ነው፤ አልጨምርም አልቀንስም።

ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጄ ላይ ያደገች ናት። እኔ በመንዙማ ነው ያደግኩት፤ እሷ ግን ያልሰማችው የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ለሚኒባስ ሾፌር አደራ ብላ ከደሴ ፍላሽ ታስመጣለች። ሌላ ሰው ዘይት አለቀብኝ ብሎ እንደሚጨነቀው፣ እሷ የእገሌ አልበም ወጥቶ ሳልሰማ ዋልኩ ብላ ትጨነቃለች። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ማባከን መስሎኝ እቆጣት ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁባት። ዘፈን ስትሰማ እጇ ሥራውን አያቆምም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ለምን እንደወደደችው ወይም ለምን እንዳልወደደችው በሦስት ቃል ትናገራለች። ያለ ምክንያት አትወድም፤ ያለ ምክንያትም አትጠላም። ይኼ ነገሯ ደስ ይለኛል።

ከፊት ለፊታችን የልብስ ሰፊው ቤት ነው። አርባን ያለፈ፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚስል ሰው ነው። እሱም ከበሩ በላይ ስፒከር ሰቅሏል። መንገዱ ጠባብ፣ ስፒከሩ ሁለት ሆነና ጠዋት ከተከፈተ ጀምሮ ጦርነት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ቀንሺው! ደንበኛዬን ልኬት ስጠይቀው ሌላ ይመልስልኛል!» ይላል ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ደጁ ላይ ቆሞ።

«እርስዎ ይቀንሱት ጋሼ! የርስዎን ለቅሶ ሰምታ የስንቷ ሙሽራ ኩል ፈሰሰ!»

በግድግዳ የምንካፈለው ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል። መሐል ሆና ጣጣው ያረፈባት እሷ ነች። «እኔ ቤት አንድ ሙሉ ዘፈን ተሰምቶ አያውቅም» ትለኛለች። «ራሱ የልጅሽ፣ ወገቡ የሱ ነው።»

ያን ወረቀት የለጠፈች ሰሞን ልብስ ሰፊው ገብቶ አነበበውና ሳቀ። «ላሟ ሳትወልድ ወተቱን ትንጣለች! ያልወጣ ዘፈን እንዴት ይወደዳል?»

«ይወደዳል መቼ አልኩ? እጠብቃለሁ ነው ያልኩት» አለችው። «እርስዎም የሚያውቁ ከሆነ ይጻፉና ጳጉሜ ላይ እንተያይ።»

ጻፈ። የልብስ ቅድ በሚያወጣበት ቡናማ ወረቀት ላይ፣ በልብስ ኖራ፣ እሱም አምስት አልበም ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው የአንድ ወጣት የመጀመሪያ አልበም ነበር። የኔዋ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠችው ብዙ ዓመት ዝም ብላ የቆየች ዘፋኝ ተመልሳ ታወጣዋለች የተባለውን ነው። ቀጥሎ ነገሩ ቃል ሆነ። ጳጉሜ ላይ የመንገዱ ሰው ከሁለቱ አንደኛ አልበሞች አንዱን ይመርጣል፤ የተሸነፈው ስፒከሩን ያወርዳል፤ ቀጣዩን ዓመት ሙሉ የመንገዱ ድምፅ የአሸናፊው ይሆናል።

ልብስ ሰፊው ገንዘብም ይያዝበት አለ። «ገንዘብ ከገባበት ቁማር ነው፤ በዚህ ቤት ቁማር የለም» አልኩት።

«እሺ፣ ዳኛው ማን ይሁን?» ብሎ ዞር ዞር አለና ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «እማማ፣ እርስዎ ይሁኑ።»

የልጅ ልጄ ከት ብላ ሳቀች። «አያቴን? ለኔ ብትፈርድልኝስ?»

«እኝህ ሴትዮ? የገዛ ልጃቸው በሬ የሰው ማሳ ሲበላ መጀመሪያ የመሰከሩት እኮ እሳቸው ናቸው!»

እውነቱን ነው። ልጄ ለዚያ ነገር አንድ ክረምት አኩርፎኛል። በሬው ግን በልቷል፤ ምን ልበል?

ለልብስ ሰፊው ስፒከሩ የሙያ ጌጥ ነው፤ ሰው ሱሪ የሚያሰፋው በሱሪው እንጂ በዘፈኑ አይደለም። ለሷ ግን እንጀራዋ ነው። ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ስለሆነ፣ ከገጠር ለገበያ የመጡ ሴቶች የሚያገኙት ድምፁን ተከትለው ነው። «ዘፈኑ የሚሰማበት ጋ ግቢ» ይባባላሉ። ስፒከሩን ካወረደች ደንበኛ አጥታ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ቃሏን ሰጠች።

ዓመቱ እንዲህ ሄደ። ከአምስቱ የመጀመሪያው ኅዳር ላይ ወጣ። ስትጠብቀው የከረመች ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጋ እየሠራች ሰማችው። ሲያልቅ «ድምፁ አለ፤ ግጥሙ ግን አምና የሰማሁት ነው» አለችና አጠፋችው። ሁለተኛው ወጥቶ አንድ ዘፈን ብቻ ወደደችለት። ሦስተኛውና አራተኛው እስከ ዛሬ አልወጡም፤ ይኸው ይጠበቃሉ። የልብስ ሰፊውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። እንዲያውም አንዱ የጠበቀው አልበም ሲወጣ፣ ሰምቶ ሳይጨርስ አጥፍቶ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

አንድ ቀን ደንበኛ ሴት «ይኼን ወረቀት ለምን አትቀይሪውም? የወደድሽውን ብቻ ትተሽ ሌላውን ሰርዢው፤ ማን ያስታውሰዋል?» አለቻት። ልጅቷ ወደኔ አየች። አባቴን አነሣሁላቸው። አባቴ ነሐሴ ላይ የገብስ ማሳውን ዞሮ ያይና «አምስት ጭነት ይሰጣል» ብሎ በሰው ፊት ይናገር ነበር። አውድማው ላይ ሦስት ቢሰፈር «ሦስት ብዬ ነበር» አይልም። «አምስት ነው ያልኩት፤ ተሳስቻለሁ» ይላል። ስለዚህም ነው ሰው የሱን ግምት የሚጠይቀው። ወረቀቱ እንዳለ ቀረ።

የካቲት ላይ የልብስ ሰፊው አልበም፣ ያ የወጣቱ፣ ወጣ። ጾም ሊያዝ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የወጣው። በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳንና ዐቢይ ጾም እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። እኛ ጾምን፤ እነሱም ጾሙ። ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ። አልፎ አልፎ ከወዲህ መንዙማ፣ ከወዲያ መዝሙር፣ እሱም በቀስታ። ልጅቷ አልበሙን በፍላሽ አስመጥታ «ከጾሙ በኋላ እሰማዋለሁ» ብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ልብስ ሰፊውም አንድ ምሽት ለራሱ ሰምቶ፣ ለመንገዱ ግን ፋሲካን ይጠብቅ ብሎ ተወው።

ዒድ ሲደርስ እኛ መክፈት እንችል ነበር። አልከፈትንም። ጎረቤቴ ገና ጾም ላይ ናት፤ እሷ ግድግዳ ሥር ሆና እያዳመጠች እኛ ልንጨፍር ነው? እስከ ፋሲካ ጠበቅን። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ፣ ለበዓሉ ተብሎ፣ የልጅ ልጄ የጠበቀቻት ሴት አልበም ወጣ።

ወላሂ፣ ስሰማው ተነሥቼ ቆምኩ። የመጀመሪያው ዘፈን በአምባሰል ነው። ያቺ ሴት እነዚያን ሁሉ ዓመታት ዝም ያለችው ለከንቱ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሠርጉ መጣ፤ ሙሽሮች ጎረፉ፤ መንገዱ ሁሉ የሷ ሆነ። ልብስ ሰፊውም የሠርግ ልብስ ከራሱ በላይ ተቆልሎበት ቀና አላለም። የወጣቱ አልበም ደግሞ ለሠርግ የሚሆን አይደለም። ነገ አሰማለሁ እያለ ክረምቱ ገባ፤ የኔዋም መሳቢያ ውስጥ ያለውን ፍላሽ ረሳችው።

ጳጉሜ ላይ ጣሳ አዘጋጀሁ። በአንድ ሰሃን ባቄላ፣ በሌላው ሽምብራ አስቀመጥኩ። የልጅቷን አልበም የወደደ ባቄላ፣ የልብስ ሰፊውን የወደደ ሽምብራ ይጥላል። የመጀመሪያው ቀን ባቄላው ጣሳው ውስጥ እየተንኳኳ ሲወርድ የልጅ ልጄ ፊት እንደ መስከረም ሜዳ ፈካ። ልብስ ሰፊው ከማዶ ሆኖ ያይና መቀሱን ይዞ ጎንበስ ይላል። የወንድ ነገር፣ ሲሸነፍ ሥራ ይበዛበታል።

በማግሥቱ ከገጠር የመጣች አንዲት ሴት «ባቄላ ስጡኝ» አለች። እየሰጠኋት እንዲያው በዋዛ «የልብስ ሰፊውን አልወደድሽውም?» አልኳት።

«እሱን የት ሰምቼው?»

እጄ ላይ ያለውን ባቄላ ያዝኩት። ከኋላዋ የቆመችውን ጠየቅኩ፤ አልሰማችም። ሌላዋንም ጠየቅኩ፤ መውጣቱንም አታውቅም። ጎረቤቴን በግድግዳው ጠራኋት። «አንቺ፣ የወጣቱን አልበም ሰምተሽዋል?»

«መቼ? ጾም አልነበረም?» አለችኝ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። እኛ ሁላችን በአንድ ልብ ጾመን፣ በአንድ ልብ ረስተነው ነበር። የሱ አልበም አልተጠላም። ለፍርድ አልቀረበም። የጣሳውን አፍ በመዳፌ ከደንኩ።

«ፍርዱ ቆሟል» አልኩ።

የልጅ ልጄ ማበጠሪያውን እንደያዘች ዞረች። «ምን?»

«ያልተሰማ ሰው ላይ አይፈረድም። ይሰማና ይፈረዳል።»

«እምዬ! እሱ አፉን ዘግቶ አንቺ ትከራከሪለታለሽ? አያቴ ነሽ ወይስ ጠበቃው?»

«ዳኛ ነኝ።»

«ቤቴ ይዘጋ ነው የምትይው? ስፒከሩ ቢወርድ ማን ይገባልኛል?»

ይኼ ቃል አመመኝ። አልዋሽም፤ አንድ አፍታ ጣሳውን ልከፍተው አስቤ ነበር። ልጄ ናት። ግን ያን ስፒከር በእንዲህ ያለ ፍርድ ይዛው ብትኖር፣ በተከፈተ ቁጥር እኔ ጆሮዬን ልይዝ ነው። «ይሰማ» አልኩ ደግሜ። እሷም አኩርፋኝ ዋለች። ልብስ ሰፊው ግን ሲሰማ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«እማማ፣ ይቅር፤ ተሸንፌያለሁ» አለኝ።

«አንተ ዝም በል፤ ያንተ ጉዳይ ብቻ አይደለም» አልኩት።

በማግሥቱ የፀጉር ቤቱን ወንበር ሁሉ አሰለፍን። ሁለቱም አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ መሐል ላይ የወጣ ሰው አይጥልም። የሷ ይቅር፣ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል ቢሉኝም እንቢ አልኩ። የሷ ተሰምቶ የሱ ተጀመረ። ስምንተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ሰዉ ሊነሣ ሲል «ቁጭ በሉ!» አልኩ። ልጅቷ ስልኳን አወጣች። «በዚህ ልጨርሰው» አለች፤ ገና ኩርፊያዋ አልለቀቃትም።

«አይሆንም። ያንቺ በትልቁ ስፒከር ነው የተሰማው፤ የሱም በዚያው ነው የሚሰማው።»

«መብራቱ ነገም ባይመጣስ?»

«ከነገ ወዲያ።»

«እትዬ፣ እኔ በግ የሚጠብቀኝ አለ» አለች አንዷ።

«በግሽን ይዘሽው ነይ።»

መብራቱ በማግሥቱ ከረፋድ በኋላ መጣ። ሁሉም ተመልሰው መጡ፤ በግ ያላትም መጣች። ከመጀመሪያው እንደገና ይጀመር ስል ቤቱ ሁሉ አጉረመረመ፤ ግን ተጀመረ። ያ አልበም ዝግ ያለ ነው፤ ማሲንቆና ድምፅ ነው የሚበዛው። ለኔ ብትሉኝ፣ ልጁ አፉን በደንብ ሳይከፍት የሚዘፍን ይመስለኛል። ቃሉን ለማውጣት እንደሚሰስት ሰው። አልጣመኝም። ሰው ግን አየሁ፤ ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። የልጅ ልጄ የአንዲት ደንበኛዋን ፀጉር በቅባት እያሸች ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እጇ ቆመ። ዘፈን ስትሰማ እጇ ሥራ ሲያቆም አይቼ አላውቅም። ደንበኛዋ ቀና ብላ «ምነው?» እስክትላት ድረስ ጣቶቿ ፀጉሩ ውስጥ ቀርተው ነበር።

ሲያልቅ የቀድሞውን ጣሳ ባዶ አድርጌ አዲስ አስጀመርኩ። ሁሉም በጭብጡ ይዞ ጣለ። እኔም ጣልኩ። ልጅቷ እጇ በቅባት ተነክሮ ስለነበረ ሳትጥል ቀረች። ሰሃን ላይ ዘርግፌ በሰው ፊት ቆጠርኩ። ባቄላ ስድስት፤ ሽምብራ ስድስት።

«የራሷ የልጅቷ ቀርቷል» አለች ጎረቤቴ።

ምን እንደምትጥል ማን ይጠይቃል? ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ። «በቃ፣ ከሰዓት አወርደዋለሁ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰምታችሁልኛል።»

ልጅቷ እጇን በፎጣ ጠረገች። ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ ጠረገች። ከሰሃኑ አንድ ፍሬ አነሣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

ሽምብራ ነበር።

«አውቀሽ ነው?» አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቄ ነው። ምን ላድርግ እምዬ፣ በለጠብኝ። ያቺን ስጠብቃት ስለከረምኩ ስትመጣ ገና ሳልሰማት ወድጃታለሁ። ይኼንን ግን አልጠበቅኩትም፤ ራሱ መጥቶ ያዘኝ።» ከዚያ በጎን አየችኝ። «አንቺስ የጣልሽው ባቄላ ነው፣ አይደል?»

«ባቄላ ነው። ያንቺ ይሻላል።»

«ይኼን ሁሉ አስቁመሽ፣ አስጀምረሽ፣ ሰው በግ አስይዘሽ አምጥተሽ?»

«እንዲሰማ አልኩ እንጂ መቼ ይወደድ አልኩ!»

ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቀም። ሜትሩን እንደጠቀለለ ቆሞ ቀረና «አንቺ ልጅ፣ ተይው፤ እንደነበረ ይሁን» አላት።

«ቃል ቃል ነው ጋሼ» አለችው።

ወዲያው ብዕር አነሣችና ሌላ ወረቀት ላይ «የዓመቱ ምርጦቼ» ብላ ጻፈች። አንደኛ የወጣቱ አልበም፣ ሁለተኛ የሴትየዋ፣ ከዚያ በታች በወሬ ያልሰማቻቸው፣ ድንገት ወጥተው የወደደቻቸው ሦስት። ከመስከረሙ ወረቀት ጎን ለጠፈችው። ከጠበቀቻቸው አምስት መካከል ወደ ምርጦቹ የተሻገረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም አንደኛነቷን አጥታ። የገባ ሁሉ ሁለቱን ወረቀት እያስተያየ ይስቃል። ልጅቷም አብራ ትስቃለች። አንዱንም አልሸፈነችም።

ስፒከሩን ያወረደችው በዕንቁጣጣሽ ማለዳ ነው። ልብስ ሰፊው ሊያግዛት መሰላል ይዞ መጣ። «የሰቀልኩት እኔ ነኝ» ብላ መለሰችው። በርጩማ ላይ ወጣች፤ በርጩማውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሽቦውን ፈትታ ስፒከሩን አወረደችው። ተሸክማ ወደ ውስጥ አስገባችውና ድምፁን ቀንሳ ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

ከማዶ የወጣቱ አልበም ተከፈተ። የበዓል ዘፈን አይደለም፤ አሁንም አይጥመኝም። ልብስ ሰፊው ደጁ ላይ ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ «ፀጉር ቤቱ እዚያ ነው፣ ከፊት ለፊት!» ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው። እኔ በራችን ላይ ቆምኩ። ከገጠር የመጡ ሁለት ሴቶች ባዶውን ሚስማር ቀና ብለው አዩና «ስፒከሩ ምን ሆነ? ተበላሸ?» አሉኝ።

ልጅቷ ከውስጥ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«አልተበላሸም» አልኳቸው። «የኔ ልጅ በራሷ ላይ ፈርዳ አወረደችው። ግቡ።»